የመሃል ጠባሳ

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ባልዲዋን እየጎተተች ለሕመምተኛ ካርድ ኮድ ወደሚሰጥበት ክፍል ገባች። ክፍሉ ድንግዝግዝ ብሎ ነበር። ጥቂት እንደተራመደች እግሯ የሰው እግር መታ። ጎንበስ ብላ አየችና ባልዲውን እዚያው ደፍታ ወጣች፤ ጩኸቷን የሰሙት ከምግብ አዳራሹ ማንኪያቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ።

መርማሪዋ የደረሰችው የፈሰሰው ውሃ ሳይደርቅ ነው። ጠና ያለች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምትረግም ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። በፊቷ እንዲህ ብሎ የሚጠራት የለም፤ ከኋላዋ ግን ሌላ ስም የላትም።

ሟቹ በጀርባው ተዘርግቷል። ከበስተኋላው ተከፍቶ የቀረ የብረት መሳቢያ አለ፤ ጠርዙ ላይ ደም ይታያል። ሰውየው ወደ ኋላ ሲወድቅ ማጅራቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ልብሱ አልተቀደደም፣ ኪሱ አልተበረበረም። ሁለት ወንበሮች ጉልበት ለጉልበት እስኪነካኩ ተጠጋግተው ቆመዋል። የኮምፒውተሩ ስክሪን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። መብራቱ ጠፍቷል፣ መጋረጃውም ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«ሌባ አይደለም» አለ ፎቶ የሚያነሳው ፖሊስ። «ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰዓቱም እጁ ላይ ነው።»

«መጋረጃው ለምን ተዘጋ?»

«እንዳይታይ ነዋ! ሰው ሊገድል የመጣ ሰው መስኮት ከፍቶ ይገድላል እንዴ?»

መርማሪዋ መጋረጃውን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። መስኮቱ የሚያየው የመጋዘኑን ጀርባ ነው፤ በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ባዶ ግድግዳ። ከዚያ ማን ያያል? ሰማዩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በደመና ተደፍኖ፣ በየቢሮው መብራት የበራበት ቀን ነበር። እንዲህ ባለ ቀን መጋረጃም ዘግቶ፣ መብራትም አጥፍቶ፣ ስክሪንም አዙሮ የሚቀመጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ከሟቹ ጋር በአንድ ክፍል ስትሠራ የኖረችው ካርድ አውጪ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ጨምድዳ የያዘችው መሐረብ ረጥቦ አልቋል።

«ሥራው ምን ነበር?» አለቻት መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«ኮድ መስጠት። ሐኪም በሽታውን በጽሑፍ ያሰፍራል፣ እሱ ያንን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።»

«ቁጥሩ ምን ያደርጋል?»

«ሁሉ ነገር በሱ ነው! መድኃኒቱም፣ ሕክምናውም፣ ተራውም።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አሁን ኮርኒያን ውሰጂ፤ የዓይናችን የፊት መስታወት ማለት ነው። እሱ ላይ ጠባሳ ወጥቶ ሲነጣ መነሻ ቁጥሩ ለሁሉም ያው ነው። ለውጡ ከነጥቡ በኋላ ነው። ጠባሳው መሃል ላይ ከሆነ አንድ ትጽፊያለሽ። ሐኪሙ የት እንደሆነ ካልገለጸ ዘጠኝ ይሆናል። የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ተራ የሚወስነው ኮሚቴ አንዶቹን ያስቀድማል፤ ዘጠኝ የሆነ ካርድ "ያልተገለጸ" ተብሎ ወደ ጎን ይቀመጣል። እኛ "አቶ ነጥብ" የምንለው ለዚህ ነው። ሐኪሞቹን እያሳደደ "ከነጥቡ በኋላ ምን ልበል?" ይላቸዋል።»

«እሱ ራሱ አያውቀውም?»

«ቢያውቅስ! ሐኪም ያልጻፈውን አይጽፍማ። "ሐኪሙ ካልጻፈው እኔ አላየሁትም" ይላል። ብትገድዪውም…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ ደብተሯን ገለጠች።

«ጠላት ነበረው?»

«ተራው ያለፈው ሁሉ ይረግመዋል። ትናንት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሚስቱ ዘጠኝ ሆናበት፣ "ዓይንህን ነው የማወጣው!" ብሎ ጠረጴዛ ደብድቧል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከዓይን ሐኪሙ ጋር ተጯጩኸዋል። ሐኪሙ "ሁለተኛ ቢሮዬን እንዳትረግጥ!" ሲለው እዚህ ድረስ ተሰምቷል።»

«ቤተሰብስ?»

ሴትየዋ አዲስ ለቅሶ ጀመራት። «አንድ ታላቅ ወንድም ብቻ። ወንድም ከምልሽ አባት ብልሽ ይቀላል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ የሰው ቤት ኖራ እየቀቡ አሳድገው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ኖራው አንድ ቀን ዓይናቸው ውስጥ ፈሰሰና ሁለቱም ነጡ። ንቅለ ተከላውን ነው የሚጠብቁት። ወደዚህ መርቶ የሚያመጣቸው፣ የሚያበስልላቸው፣ ልብሳቸውን የሚተኩሰው እሱ ነበር። አሁን ማን አላቸው?»

መርማሪዋ ስትወጣ የበሩን ዘበኛ አነጋገረችው። በምሳ ሰዓት እንግዳ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እንግዳ? አንድም እንግዳ አልገባም» አለ ዘበኛው ደረቱን ነፍቶ። «በኔ በር ዝንብ አታልፍም።»

ከሥራዋ ሁሉ መርማሪዋ የምትጠላው መርዶ መንገር ነው። ሌላ ሰው ልካ አታውቅም፤ ለመላክም ታፍራለች። ዝናቡ ካፊያ ጀምሮ ሰፈሩ ጨቅይቷል። ቤቱን ያሳየቻት ጎረቤት፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ፣ ገና በሩ ሳይንኳኳ አንገቷን ታወዛውዛለች።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው ነበር፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው የሠራተኛ እጅ። መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆማ በጭቃ ጫማዋ ለመግባት ስታመነታ፣

«ጭቃውን ተይው ልጄ፣ ግቢ» አሏት።

ገባች። እንዴት ብሎ እንደሚነገር ሁልጊዜ ታስብበታለች፤ ሁልጊዜም እንዳሰበችው አይወጣላትም። ወንድማቸው ቢሮው ውስጥ ሞቶ መገኘቱን ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልጮኹም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ሸፍናችሁታል?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ።»

«ጥሩ። ብርድ አይችልም።»

ከጎናቸው ከነበረው ማሰሮ ውሃ ቀድተው ሰጧት። ሊቀዱላት ሲነሱ ልትረዳቸው እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጠብታም አላፈሰሱም። ዓይናቸው መሃሉ ላይ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። መርማሪዋ ለሟች ቤተሰብ ቃል የመግባት ልማድ የላትም፤ የዚያን ቀን ግን ከአፏ አመለጣት።

«ይህን ያደረገውን ሰው አገኘዋለሁ ጋሼ። ቃሌ ነው።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «አትቸኩዪ» አሏት።

ውጭ ጎረቤትየዋ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ጠበቀቻት። «ምስኪን! ቀን ቀን እኮ ብቻቸውን አይወጡም። ፀሐይ ላይ ከወጡ የገዛ በራቸውን አያገኙትም፤ ግድግዳ እየዳበሱ እኔ ነኝ የምመልሳቸው። ያ ልጅ ነበር እግራቸውም ዓይናቸውም።»

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ገና ኮቷን ሳታወልቅ ያዛት። «ሹፌሩን እሰሪውና እንገላገል። ዝቷል፣ ምስክር አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መጋረጃውን ለምን እንደዘጋው።»

«ጀመረሽ ደግሞ!»

ሹፌሩ ወፍራም፣ ድምፁ ከራሱ አውቶቡስ ጡሩምባ የማይተናነስ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግን ድምፁ ጠፋ።

«"ዓይንህን ነው የማወጣው" ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ እናቴ። ሹፌር ነኝ። በቀን ስንቱን "ዓይንህን ነው የማወጣው" እላለሁ፤ እስካሁን የማንንም አላወጣሁም።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን ዋጠ። መርማሪዋ ግን አልሳቀችም። በምሳ ሰዓት የት እንደነበር ስትጠይቀው፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ጭኖ ከተማውን እያቋረጠ እንደነበር ነገራት። ትኬት ቆራጩ መሰከረ፤ ተቆጣጣሪው መሰከረ፤ መንገድ ላይ መስታወቱን የገጨበት ባለ ጭነት መኪናም እየተራገመ መሰከረ።

ሹፌሩ ሊወጣ ተነስቶ ኮፍያውን እያገላበጠ ቆመ። «ሚስቴ ልጃችንን በድምፁ ነው የምትለየው። አናደደኝና ጮህኩበት። ማታ ሕሊናዬ አላስተኛ ሲለኝ፣ ትናንት ጠዋት ሥራ ሳልገባ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ምን አለኝ መሰለሽ? "አይዞህ፣ የኔም ወንድም ዘጠኝ ነው" አለኝ። የገዛ ወንድሙን ማስቀደም ለምን እንዳልቻለ አልገባኝም። ፊቱን ሳየው ግን የምጠይቅበት አንጀት አጣሁ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሟቹ የገዛ ወንድሙን ካርድ ወደ ጎን ያስቀመጠ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሟት አያውቅም፤ ልታደንቀው ይሁን ልትቆጣው ግራ ገባት።

ከሰዓት በኋላ የአሻራ ባለሙያው ደወለላት። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የብዙ ሰው ጣት አለ፤ ከሁሉ በላይ ያረፈው የመጨረሻው አሻራ ግን የሟቹ ነው። በመጋረጃው ገመድ ላይም የሟቹ ጣት ብቻ ነው ያለው። ስክሪኑንም ያዞረው እሱ ነው።

«ገዳዩ ጓንት አድርጎ ይሆናል» አለ ባለሙያው።

«ጓንት ቢያደርግማ የሟቹን አሻራ ያበላሸው ነበር።»

«እንግዲያው ሰውየው ራሱ ነው የዘጋው።»

ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ካርድ አውጪዋ ጋ ተመልሳ ሄደች። እሷም ግራ ገብቷት፣ ያ ሰው ብርሃን ወዳድ እንደነበር፣ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር ያደረገው ለዚያ እንደሆነ፣ መጋረጃው ሲዘጋ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻት። «በርግጥ እኔ ምሳዬን ቤቴ ነው የምበላው» አለች። «በምሳ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ራሱን አሞት ጋደም ሊል ይሆን?» ሁለት ወንበር አጠጋግቶ? ጣቢያ ውስጥ አንዱ «ሴት ትኖረዋለች» አለ፤ ሌላው ሳቀ። መርማሪዋ ያንንም አላለፈችውም፤ ስልኩን አስፈተሸች። ሰውየው የሚደውለው ለወንድሙ ብቻ ነበር፤ በየቀኑ፣ ምሳ በልተዋል ወይ ለማለት።

የቀረው የዓይን ሐኪሙ ነው።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ድካም ፊቱ ላይ የተጻፈበት ሰው ነበር። ቢሮው በራፍ ላይ ሕመምተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ተሰልፏል። ሰውየው በሞተበት ሰዓት ኦፕሬሽን ክፍል እንደነበረ ነርሶቹ አረጋግጠዋል፤ መርማሪዋ ግን ይህን አልነገረችውም።

«ትናንት ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በአንድ ካርድ።»

«የማን ካርድ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «የወንድሙ። ካርዱን ብዙ ጊዜ መልሶልኛል። "የኮርኒያ ጠባሳ፣ ሁለቱም ዓይን" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ለኔ ይበቃኛል፤ በር ላይ ያለውን ሰልፍ አይተሽዋል። እሱ ግን "የት ላይ?" ይላል። "መሃል ላይ ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ፣ ዝም ብለህ አንድ ብለህ ጻፈው" አልኩት። "አልጽፍም፣ እርስዎ ይጻፉት" አለኝ። "ለወንድሜ ያልተጻፈ ከጻፍኩ ነገ የማንን ካርድ ነው የማምነው?" አለ። ደም ፍላቴ መጣና አስወጣሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከኦፕሬሽን ስወጣ ነገሩ ከነከነኝ። ካርዱን አወጣሁና "መሃል" ብዬ ጻፍኩበት። በቃ፤ አንዲት ቃል። ይዤለት ስወርድ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ቀደም ብዬ ጽፌው ቢሆን ምን ይጎዳኝ ነበር?»

መርማሪዋ ለመውጣት ተነስታ፣ እንደ ልማዷ አንድ ጥያቄ ቀራት።

«መሃል ሆነ ዳር፣ ለሰውየው ምኑ ይለያያል? ያው ጠባሳ አይደለም?»

«በጣም ይለያያል እንጂ! ብርሃን ሲበዛ የዓይን ብሌን ይጠብባል። ጠባሳው መሃል ከሆነ፣ የቀረችው ትንሽ ቀዳዳ ልክ ጠባሳው ላይ ትገጥምና ሰውየው ምንም አያይም። ጨለም ሲል ግን ብሌኑ ይሰፋል፤ ያኔ በጠባሳው ዙሪያ አሾልኮ ያያል። የሱ ወንድም ፀሐይ ላይ ዕውር ናቸው። ደመና ቀን ወይም ድንግዝግዝ ያለ ክፍል ውስጥ ከሆኑ መንገዳቸውን ያገኛሉ፤ የሰው ፊት በደብዛዛውም ቢሆን ይለያሉ።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው? አመመሽ?» አለ ሐኪሙ።

አላመማትም። በዚያ በጨለመ ቤት ደፍ ላይ ቆማ ጫማዋን ያዩላት ሽማግሌ፣ ጠብታ ሳያፈሱ የቀዱት ውሃ፣ ስለ ወንድማቸው አሟሟት አንድም ጥያቄ አለመጠየቃቸው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። በሥራ ዘመኗ ሁሉ «ምነው ባልደረስኩበት» ያለችው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሩ ላይ ዘበኛውን አገኘችው። «የሟቹ ወንድም ትናንት በምሳ ሰዓት መጥተው ነበር?»

«መጥተዋል። ብቻቸውን መጡ፣ እኔም ገርሞኝ "ጎበዝ!" አልኳቸው።»

«እንግዳ አልገባም አላልከኝም?»

ዘበኛው ቅር አለው። «እንግዳ ነው እኮ ያልሽኝ! እሳቸው ምን እንግዳ ናቸው? የቤት ሰው አይደሉም እንዴ?»

ሽማግሌውን በዚያው አልጋ ጫፍ፣ በዚያው አቀማመጥ አገኘቻቸው። የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ብርድ ልብሱ እንደተንጠለጠለ ነው። አብሯት የመጣውን ፖሊስ ውጭ አቁማ ገባችና ትንሽ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ረጅም ጥያቄ አዘጋጅታ ነበር፤ ስታያቸው ሁሉም ጠፋባት።

«ጋሼ፣ መጋረጃውን የዘጋው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ» አሉ።

«ለምን?»

«እንዳየው። ስመጣ ሁሌም እንዲህ ያደርጋል። መጋረጃውን ይዘጋል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ያንን ቴሌቪዥን የሚመስለውን ያዞረዋል። ከዚያ አጠገቤ ይቀመጥና "አሁንስ ታየሁህ?" ይለኛል። እኔም "ምን የሚታይ መልክ አለህና!" እለዋለሁ።»

ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን አልታዘዘላቸውም። መርማሪዋ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ፖሊስ ሁሉ የገዳይ ተንኮል ነው ያለው ያ መጋረጃ፣ ወንድም ለወንድሙ ያደረገው ደግነት ነበር።

«ትናንት ሰማዩ ተደፈነልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ብቻዬን ልሂድና ላስደንቀው ብዬ ወጣሁ። ሲያየኝ እንደ ልጅ ዘለለ። መጋረጃውን ዘጋ። ተቀመጥን። ከሐኪሙ ጋር ተጣላሁ፣ ይጽፈዋል፣ ትንሽ ታገሥ አለኝ። ትንሽ ታገሥ ሲለኝ ስንት ጊዜው ነው! "አንተው ጻፈው" አልኩት። "አልችልም" አለኝ። "አታውቀውም የት እንዳለ?" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ።»

እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ።

«አላውቅም ቢለኝ እተወው ነበር ልጄ። እያወቅኩ አልጽፍም ሲለኝ ግን… ይህን ዓይን ያጣሁት እሱን ለማስተማር የሰው ግድግዳ ስቀባ ነው። አንዲት ቁጥር ናት የነፈገኝ። ተነሳሁ፣ እሱም ተነሳ። ደረቱን ገፋሁት። ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ የምገፋውን ያህል ነው። ድምፅ ሰማሁ። ጠራሁት። "ቀልድህን ተው፣ ተነስ" አልኩት። በእጄ ስዳብሰው ራሱ ርጥብ ነው።»

«ለምን ሰው አልጠሩም? ለምን ለኔ አልነገሩኝም?»

«ለማን ልንገር?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «የደረሰብኝን ሁሉ የምነግረው ለሱ ነበር! ትናንትም እዚህ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የነበረው እሱን ነው። መጥቶ የሆነውን እስክነግረው።»

መርማሪዋ ሥራዋን ትታ መውጣት አማራት። ሕግ ሕግ ነው፤ ሽማግሌው ሰው ገድለዋል። አንጀቷ ግን ሕጉን አልሰማ አላት። የሐኪሙን ነገር ልትነግራቸው ወይስ ልትደብቃቸው ብዙ አሰበች። ብትደብቃቸው ሌላ ሰው በሌላ ቀን ይነግራቸዋል፤ ያኔ ደግሞ አጠገባቸው ማንም አይኖር ይሆናል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ጽፎታል።»

ፊታቸውን ቀና አደረጉ።

«ካርድዎ አንድ ሆኗል። ከምሳ በኋላ ነው የጻፈው።»

«ከምሳ በኋላ» አሉ። «እኔማ ምሳም አልጠበቅሁ።»

ከዚያ አለቀሱ። መርማሪዋ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች፤ ውጭ የቆመው ፖሊስ አንዴ በሩን ገርበብ አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው። ሲወጡ ካቴናውን ከቀበቶዋ አላወጣችም። ክንዳቸውን ይዛ፣ ጉድጓዱን እየነገረቻቸው መኪናው ድረስ መራቻቸው።

ኮሚቴው ተራቸውን አጸደቀ። እስረኛም ቢሆን የመታከም መብት እንዳለው አለቃዋ ራሱ ደብዳቤ ጻፈ። ሽማግሌው ግን ለሌላ ሰው ስጡት ብለው እምቢ አሉ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ለመናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መለሱት። መርማሪዋ ልታግባባቸው አልሄደችም። አንድ ቀን ራሳቸው አስጠሯት።

«እሺ በያቸው» አሏት። «ወንድሜ ሐኪሙን የተጣላው ለዚህ ነው። እምቢ ካልኩ ያ ጠብ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ልይበት ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም ጋሼ።»

«አንድ ነገር ታመጪልኛለሽ። የሱን ፎቶ። ቤት ያለው የትምህርት ቤቱ ነው፤ እሱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አሁን ያለውን።»

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ለማየት ግን ወራት ፈጀ። ሐኪሙ «አሁን ጠርቶላቸዋል» ብሎ ሲደውልላት መርማሪዋ ፎቶውን ከምርመራው መዝገብ አስፈቅዳ ይዛ ሄደች። ከሟቹ የሥራ መታወቂያ ላይ በትልቁ የታተመ፣ ባለፈው ዓመት የተነሳ ፎቶ ነው። እስረኞች በሚታከሙበት ክፍል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐይ አልጋው ላይ ወርዳለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ በሩን አዩ፣ እሷን አዩ።

«አንቺ ነሽ? ወጣት መስለሽኝ ነበር» አሉ።

«ድምፄ ያታልላል ጋሼ።»

ፎቶውን ሰጠቻቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። አዩት። ራቅ አድርገውም አዩት። ከዚያ መልሰው ዘረጉላት።

«ተሳስተሻል ልጄ። ይሄ ሽማግሌ ነው።»

መርማሪዋ አልተቀበለቻቸውም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ፎቶውን ወደ ራሳቸው መለሱትና እንደገና ተመለከቱት፤ አገጩን፣ አፉን፣ ወደ ጎን ጠመም ያለውን ቅንድብ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ፀጉሩ ሄደ።

«ሸብቷል እንዴ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ሸብቶ ነበር።»

«መቼ?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ድምፁ እኮ የልጅ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ። «አንድም ቀን አልነገረኝም።»